ሽማግሌ የተላከበት ኒውክለስ

መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የምጽፈው እኔ ኦይታ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም። እስከ ዛሬ ስሜን ሲጽፉልኝ የኖሩ ሰዎች እጃቸው ይረፍ፤ አውራ ጣቴም ከቀለም ተገላግሏል። የማታ ትምህርት ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሻለሁ። መምህርት ሰብሊ በመጨረሻው ቀን «በየጊዜው ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል» አለችን። ሌላውን ጥሎ ይሂድ። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ በእኔ በር አንዲት «ሀ» እንኳ ሳላያት አታልፍም። ግን ለጥንቃቄ ይህን ደብተር ገዛሁ።

የምጠብቀው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ያለ አንድ የምርምር ግቢ ነው። ውስጥ የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም፤ ትልቅነቱ ግን እኔን በር ላይ በማቆማቸው ይታወቃል።

ትምህርቱን የጀመርኩት በራሴ ሐሳብ ነው። ሻሺቱ እጄን ይዛ ሲቀላ ድረስ እየጎተተች አስመዝግባኛለች፤ ሐሳቡ ግን የእኔ ነበር። ሻሺቱ ባለቤቴ ናት። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ በቸርች የሴቶች መዘምራን መሪ ናት። ድሮ የመብራት ቢሉን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የሱቁን ታፔላ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። አሁን መነጽሯ ደክሟል መሰለኝ።

«ምን ጻፍክ?» አለችኝ።

«ያንቺን ክፉ ክፉውን።»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። በትኩረት ሰማች። ሰው በራሱ ሐሜት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

መጋቢት 5

ቸኩያለሁ። ሻሺቱ በር ላይ ያለውን ባልዲ ረግጣ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። «እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?» አለች። «ዝንጀሮ ነው» አልኳት።

ባልዲውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

መጋቢት 8

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወጣት ነው፤ በመብራት አየ፣ እንደገና አየ፣ ወንበሩን አስጠግቶ አየ። እኔ እንደዚያ የማየው መታወቂያው ፎርጅድ የመሰለኝን ሰው ነው።

«ሲመሽ አይታይዎትም፣ አይደል?» አላት።

«ከልጅነቴም ማታ ማታ ደካማ ነኝ።»

«ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?»

«አክስቴ። በኋላ እየመሩ ነበር ወደ ገበያ የሚወስዷት።»

ከዚያ ነገረን። ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ከዳር ወደ መሃል እየሞተ ነው። በዘር የሚመጣ ነው። መነጽር አይረዳውም፤ ቀዶ ጥገናም የለውም። መድኃኒት በዓለም ላይ እየተሞከረ ነው፤ እዚህ ግን የለም። እስካሁን የቀራት መሃሉ ነው፤ እሱም ደብዝዟል፣ ይሄዳል።

«መቼ?» አልኩ።

«ከሰው ሰው ይለያያል።»

ሻሺቱ ነጠላዋን አስተካከለችና «ተመስገን፤ ቢያንስ የኦይታን ፊት ከማየት እገላገላለሁ» አለች። ሐኪሙ አልሳቀም። እኔ ሳቅሁ። በጣም ስለሳቅሁ ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ።

መጋቢት 12

የግቢው አለቃ ዶክተር ሄራን ናት፤ ገረሴ ተወልዳ ያደገች። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ። በደብተሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ ቀለም ስለሚጨርስ በዕድሜ ልጄ ናት ብዬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ማንጎው ሥር ምሳዋን ስትበላ ደፍሬ ጠየቅኋት።

«ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የምጠብቀው ምንድን ነው?»

«ሴሎች ናቸው ጋሽ ኦይታ። የዓይን ሴሎች። በሳህን ላይ እናሳድጋቸዋለን።»

«እንደ ዶሮ?»

«ከዶሮ ይብሳሉ፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲቀንስ ያኮርፋሉ።» ከዚያ ማንኪያዋን ቀስራ ግቢውን አሳየችኝ። «ይሄ ግቢ አንድ ሴል ነው እንበል። ሰውነታችን እንዲህ ባሉ ግቢዎች የተሞላ ነው፣ በጣም ደቃቅ። መሃል ላይ አንድ ቤት አለ፤ ኒውክለስ ይባላል። የግቢው ትዕዛዝ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንዳንድ ሰው ከእናት ከአባቱ ስህተት ያለበት ትዕዛዝ ይወርሳል። እኛ የታረመውን ትዕዛዝ የያዘ መድኃኒት እንልካለን። የውጩን አጥር ያልፋል። ኒውክለሱ ግን በር አይከፍትለትም።»

«በሩ ላይ ሰው አለ?»

«ጠባቂ አለ ማለት ይቻላል።»

ተነሥቼ ቆምኩ። «ዶክተር! ባሕር ማዶ ድረስ ሄደው ተምረው ተምረው የገጠመዎት የዘበኛ ነገር ነው፤ ዘበኛ ደግሞ ደጅዎ ላይ ቆሟል። ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

«እሺ፤ ምን ላድርግ?»

«መታወቂያ ይስጡት።»

አጠገቧ የነበረው ሲላስ፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ፣ ሻዩ ትን አለው። «ጋሼ፣ ይሄማ ሰሌዳችን ላይ ከተጻፈ ቆየ። መድኃኒቱ ላይ የምንቀጥለው ምልክት አለ፤ ልክ እንደ መታወቂያ።»

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሰሌዳውን አላየሁትም፤ ስለዚህ ሐሳቡ የእኔ ነው።

ከዚያ «ምን ዓይነት ዓይን ነው?» አልኳት።

«ሲመሽ የማያይ፤ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ የሚሄድ።»

ማንጎ ወደቀ። አነሣሁት። ጠረግሁት። መልሼ ጠረግሁት።

ቤት ገብቼ ለሻሺቱ ነገርኳት። «የዓይንሽን መድኃኒት ማን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ? ባልሽ! በዚህ እጁ!»

«መቼ ይደርሳል?»

«ለፋሲካ» ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኳት።

ፋሲካ ብሎ የነገረኝ የለም። አፌ ነው የፈጠረው።

መጋቢት 17

ዶክተሯን ለማገዝ ጥበቃዬን አጠበቅሁ። ከካርቶን መታወቂያ ቆርጬ፣ ስም ጽፌ፣ ሲባጎ አስሬ ለሁሉም አደልኩ። በር ላይም ለጠፍኩ፦ «መታወቂያ ያንጠለጠለ ይግባ። ያላንጠለጠለ አይግባ። በትዕዛዝ፤ ኦይታ።» መምህርት ሰብሊ ብታየው ታለቅስ ነበር፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም።

ጧት ዶክተሯ ራሷ ረስታ መጣች። መለስኳት።

«ጋሽ ኦይታ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቄዎታለሁ። ኒውክለሱስ መድኃኒቱን ሳያውቀው ቀርቶ ነው?»

ባጃጅ ይዛ ቤቷ ተመለሰች። ስትመጣ አላየችኝም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

መጋቢት 20

ዛሬ የሆነውን ሌላ ሰው እንዳያወራው እኔ ልጻፈው።

ሲላስ እጁን ሲታጠብ መታወቂያውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ከጫካው የወረደ ትልቅ ዝንጀሮ አነሣው፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ በዋናው በር በኩል በእርጋታ መጣ። ፊቴ ቆመ። አየኝ። አየሁት። ደንቡ «መታወቂያ ያንጠለጠለ ይግባ» ይላል። ስለ ጅራት የሚለው የለም።

ገባ። የሲላስን ምሳ በላ፤ ከላንቴ የመጣ አንድ ካርቶን ሙዝ ፈጀ፤ የላስቲክ ጓንት አንድ እጁ ላይ አድርጎ ወጣ። ሲወጣም መታወቂያውን እንዳንጠለጠለ ነው።

ሲላስ ጮኸብኝ። ዶክተሯ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በኋላ ዓይኗን ጠረገችና «ጋሽ ኦይታ፣ ቫይረስ የሚባለው ልክ ይሄ ነው» አለችኝ። «አንዳንዱ የሌላ ሰው መታወቂያ አንጠልጥሎ ኒውክለስ ድረስ ይገባል። እሱን የሚያስገባ በር የእኛን መድኃኒት ይመልሳል።» ሳቋ በዚያው ቆመ።

መጋቢት 26

አልገባም።

መታወቂያ የቀጠሉበት መድኃኒት አልገባም። ዶክተሯ ጠርታ በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ። መድኃኒቱ እንዲታይ አረንጓዴ አብርተውበታል። መሃል ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ አረንጓዴው ዙሪያውን ከቦታል፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ተዘግቶበት ደጅ እንደተኮለኮለ ሕዝብ። አንድም ሰው ውስጥ የለም። ክቡ ጨለማ ነው።

«ባለቤቴ የሚታያት እንዴት ነው? እንዲህ ነው?» አልኳት።

«የእሳቸው በተቃራኒው ነው። መሃሉ ይታያቸዋል፣ ዙሪያው ይጨልማል።»

ስለ ሻሺቱ የነገርኳት ያኔ ነው። «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አለች። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ብነግራት መልስ ትሰጠኛለች፤ መልሱን ፈርቼ ይሆናል። ይሄን ሰርዤው ነበር፤ ግን ደብተር ማበላሸት አልወድም።

ስወጣ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «እስከ ግንቦት መጨረሻ ውጤት ካላሳየን ይዘጉታል... አዎ፣ ግንቦት ስድስት ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ።»

ሚያዝያ 2

ከቸርች ስንመለስ መሸ። ሻሺቱ ኮቴን ከኋላ ይዛ ነው የምትሄደው። ጅብ ትፈራለች። «ሴቻ መሃል ምን ጅብ አለ?» ስላት «አንተ አለህ» አለችኝ።

ውሃ ቦኖው ጋ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማን። «ሻሺቱ መሪነቱን ለልጆቹ ብትለቅ ምናለበት? አዲሱን መዝሙር ሳታውቀው ነው የቆመችው። ደብተሯን አንድ ገጽ ላይ ከፍታ እስከ መጨረሻ።»

ሳል አልኩ፤ ዝም አሉ። ሻሺቱ ኮቴን አጥብቃ ያዘች። ቤት ስንደርስ ከኋላዬ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር። ከኋላ ቁልፍ ያለው ኮት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሻሺቱ ለዚህም አለቀሰች። ለቁልፉ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

መድኃኒቱ አልደረሰም። ሻሺቱም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ የምለውን ሦስት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱም ሆዴ ውስጥ ቀሩ።

አጎቷ ጋሽ ካሱ ከኦቾሎ ቆጮና ቅቤ ይዘው መጡ። ጋሽ ካሱ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃባን የሚያስታርቁ፣ እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ ማንም እምቢ ብሎ የማያልፋቸው። ምሳ ላይ «የልጄ ዓይን ነገርስ?» አሉ። «ጎሜ ይሆን? የተጣሰ የአባቶች ደንብ ይኖራል።»

«አጎቴ፣ እኔ ጌታን ተቀብያለሁ፤ ጎሜ አይዘኝም» አለች ሻሺቱ።

ያኔ እኔ ገባሁ። ባልገባ ይሻል ነበር። «ጋሽ ካሱ፣ መድኃኒቱማ አለ። እኔ በምጠብቀው ግቢ። በር ከልክሎት ነው።»

«ማነው የከለከለው?»

«ኒውክለስ ይባላል።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የማንም... የሁሉም። በሰው ሁሉ ውስጥ አለ። በእርስዎም ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው ዘመድ ነው» አሉ። «ሽማግሌ ተልኮበታል?»

«አልተላከበትም።»

«ዶክተሯ ታዲያ ምን አደረገች?»

«መታወቂያ ላከች።»

ጋሽ ካሱ ሳህናቸውን ገፉ። «ባኮረፈ ሰው ደጅ መታወቂያ ይላካል? እንዴት ያለ ድፍረት ነው! እኔ ብሆንስ እከፍት ነበር?»

ኒውክለስ ሰው አይደለም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሻሺቱ ግን መጉረሷን ትታ ጆሮዋን ወደኛ ሰጥታ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ ብሏል። አፌን በቆጮ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 16

ጋሽ ካሱ ጋ መደወል አለብኝ። ጥሪ አይገባም። ነገ እደውላለሁ።

ሚያዝያ 19

አልደወልኩም። ሲላስ «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ? ታመሙ?» አለኝ። ዝንጀሮው አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መታወቂያው አሁንም አንገቱ ላይ ነው። ከሠራተኞቹ ሁሉ ደንብ የሚያከብረው እሱ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 25

ከጋሽ ካሱ ጋር በስልክ ተገናኘን። የዝናብ ድምፅ እየገባበት። «ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረናል፤ እንመጣለን» አሉ።

«ጋሽ ካሱ፣ ነገሩ እንኳ... ሰው አይደለም፣ ትንሽ ነገር ነው።»

«ትንሽ ነገር ነው አገር የሚያፈርሰው። መቼ እንምጣ?»

ቶሎ ብዬ መለስኩ። «በፈለጉት ቀን ይምጡ፣ ግንቦት ስድስት ግን እንዳይመጡ። ያን ቀን ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ።»

 «ገባኝ» አሉና ዘጉ።

ተገላገልኩ። ዘዴኛ ነኝ።

ግንቦት 6

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው፤ ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

ጧት ጫማዬን ወለወልኩ። ገምጋሚዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ሆቴል አድረዋል። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ወጥታ ተመለሰች። «ጋሽ ኦይታ፣ ዛሬ አደራ፤ ሌላ ሰው እንዳይገባ» አለችኝ። ሰላምታ ሰጠሁ።

ከዚያ በዳገቱ ታጥፈው ሲመጡ አየኋቸው። ጋሽ ካሱ ከፊት፤ ሌሎቹ ከኋላ፤ ባለ ጥለት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸው ሙሉ ጤዛ ያለበት ሣር። ከኦቾሎ ሌሊት ነው የተነሡት። ሮጥኩ።

«ጋሽ ካሱ! ዛሬ አይሆንም ብዬ አልነበረም?»

«ብለሃል። አንድ ሰው በዚህ ቀን አትምጡ ካለ ነገሩ የሚቆረጠው በዚያ ቀን ነው። ሽማግሌነት ዛሬ የጀመርኩ መሰለህ?»

በሩ ላይ ተንበረከኩ። ወዲያው የገምጋሚዎቹ መኪና ደርሶ ከኋላቸው ቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። የሚነሣ የለም። የእኔው ማስታወቂያ ከራሴ በላይ ተለጥፎ «ያላንጠለጠለ አይግባ» ይላል። በእኔ በር መታወቂያ የሌለው አልፎ አያውቅም። በሌላ በኩል ሣር ከያዘ ሽማግሌ ፊት በር የዘጋ ሰው በአገራችን ስሙ አይነሣም፤ ላሙም አትታለብም፤ ላም እንኳ ባይኖረው።

ከፈትኩ። ማስታወቂያውንም ገነጠልኩት። እጄ ይህን ሲያደርግ እኔ ቆሜ አየዋለሁ።

ዶክተሯ ስትወጣ ፊቷ ደም መሰለ። ልትጮህብኝ ነበር። ግን የገረሴ ልጅ ናት፤ ሣሩን ስታይ ጉልበቷ ከዶክትሬቷ ቀደመ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተንበረከከች።

«አባቶቼ፣ ተነሡልኝ። ማንን በድዬ ነው?»

«አንቺ አልበደልሽም ልጄ» አሉ ጋሽ ካሱ። «ወደ ኒውክለስ ነው የመጣነው።»

ሲላስ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሽማግሌ የላኩት ማንን ሊያገቡ ነው?» አለኝ። ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። መሬት ዋጪኝ አልኩ። መሬቱ አርባ ምንጭ ስለሆነ ውሃ ብቻ ነው የሚያወጣው። እሷ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሳ «ጫማችሁን አውልቁና ግቡ» አለች።

ገቡ። ገምጋሚዎቹም ከኋላ ገቡ፤ ምን ያድርጉ። ጋሽ ካሱ በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብለው አዩ።

«የቱ ነው?»

«ጥቁሩ ክብ ነው አባባ።»

«ይሄ ነው ይሄን ሁሉ ሰው ያስቸገረ?» ቀና አሉ፤ ፈገግ አላሉም። ሣሩን በሁለት እጃቸው ወደ ማይክሮስኮፑ ዘርግተው ተንበረከኩ።  ሴሎቹን የሚያሞቀው ሣጥን ብቻ ያጉረመርማል።

«አንተ ቤቱን የያዝከው። በር መጠበቅህ ክፉ አይደለም። ሁሉን ብታስገባ ዝንጀሮ ይገባብሃል፤ ሰምተናል። ይሄ ግን ሌባ አይደለም፤ የተበላሸውን ሊያቀና የመጣ እንግዳ ነው። ሻሺቱ የምትባል ልጅ አለችን። ስትዘምር ከታች ሐይቁ ድረስ ይሰማል። ዛሬ ደጇን በእጇ ዳብሳ ነው የምትወጣው። አንተም እሷ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ቤትህ ሲጨልም አንተስ ምን ታያለህ? ስለ እሷ ብለህ ክፈት።»

«ክፈት!» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ። ከገምጋሚዎቹ አንዷም ሳታውቀው «ክፈት» አለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዋናው ገምጋሚ መነጽሩን አውልቆ «ዶክተር፣ ይህ በዕቅዱ ውስጥ አለ?» አለ።

«የማኅበረሰብ ተሳትፎ በሚለው ሥር» አለች ዶክተር ሄራን። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ነው ትልቅ ሰው መሆኗን ያወቅሁት።

ጋሽ ካሱ ሲነሡ አንድ ነገር ጠየቁ። «ልጄ፣ እንግዳውን የምትልኪው ብቻውን ነው?»

«እስካሁን መታወቂያውን ብቻ አስይዘን ነበር። ከኒውክለሱ ገባ ወጣ የሚል፣ በሩ የሚያውቀው ፕሮቲን አለ። ትናንት መድኃኒቱን ከእሱ ጋር አጣምረን ሰጥተናል። ውጤቱን ከነገ ወዲያ እናየዋለን።»

«እንዲህ ነው እንጂ። ቤተኛ ይዞ የመጣ ይገባል» አሉና ሣሩን ከማይክሮስኮፑ አጠገብ አኖሩት። ሲላስ ለማንሣት እጁን ሰደደ፤ ዶክተሯ እጁን ያዘችው።

ግንቦት 8

ገባ!!! አረንጓዴው ክቡ ውስጥ ገባ! በሁሉም ሴል አይደለም፤ በጥቂቱ። ሲላስ እየጮኸ ወጥቶ አቀፈኝ፤ ዝንጀሮው ደንግጦ ከአጥሩ ወደቀ።

የገባው ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ዶክተሯ ያጣመረችው ነው ይላሉ። እኔ ግን በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግንቦት ስድስት ጧት፣ በቀኝ እጁ።

ጋሽ ካሱ ደወሉ። «ታረቁ?»

«ታረቁ!»

«አብረው በሉ? አብረው ካልበሉ ዕርቁ አልጸናም።»

ዶክተሯን ጠየቅኋት። «ቀይ ሾርባ መሳይ ነገር በየጊዜው እንሰጣቸዋለን» አለች። «በልተዋል» አልኳቸው።

ለሻሺቱ ገና አልነገርኳት። መጀመሪያ ቀኑን ልጠይቅ።

ግንቦት 9

ጠየቅሁ። ዶክተሯ መጥታ የእኔ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ።

«ገምጋሚዎቹ ሽማግሌዎቹን ካዩ በኋላ ጊዜ ጨምረውልናል። ጋሽ ኦይታ፣ አልዋሽዎትም። ይሄ ሳህን ላይ ነው። ቀጥሎ እንስሳ ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ ሌላ አገር ካሉት ጋር ተባብረን፣ ምናልባት ሰው ላይ። ብዙ ዓመት ነው። ለባለቤትዎ ዘመዶች የልጅ ልጆች ይደርስ ይሆናል። ለወይዘሮ ሻሺቱ አይደርስም።»

በሩን ከፈት ዘጋ አደረግሁ።  «ባልከፍት ኖሮ ይሻል ነበር?» አልኩ።

«ባይከፍቱ ኖሮ እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ እያለቀሰች ስለነበር አልጠየቅሁም።

ግንቦት 13

ነገርኳት። አሳ ጠብሳ እሾሁን በጣቷ እየፈለገች ነበር።

«ሻሺቱ፣ የፋሲካው ነገር...»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። ጫማ ስትገዛ እንኳ ሰፈር የምትሰበስብ ሰው፣ ለዓይኔ መድኃኒት አግኝተህ በሹክሹክታ ነገርከኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እየደከምክልኝ ነበር። ደስ አለኝ።» እሾሁን ወደ ዳር አደረገች። «ኦይታ፣ ሲቀላ ድረስ እየጎተትኩ ያስመዘገብኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«አንቺ ብቻ ተምረሽ እንዳትቀሪ።»

«የመዝሙር ደብተሬ ፊደል ከዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

አሳውን በላሁ። እሾህ ነበረበት፤ ዓይኔ እንባ ያቀረረው ለዚያ ነው።

«እጅህን ታጠብ» አለችኝ። «የመዝሙር ደብተሬን አምጣ።»

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሻሺቱ ወደ መድረኩ ስትወጣ ደብተሯን ይዤ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ አስተናጋጁ እጁን ዘረጋ። «ጋሽ ኦይታ፣ ይቅርታ፣ እዚህ መዘምራን ብቻ ናቸው። የመዘምራን ልብስም አልለበሱም።»

ትክክል ነው። እኔም ብሆን ራሴን አላስገባም ነበር። ልመለስ ዞርኩ።

ሻሺቱ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ኮቴን ያዘች። «ከእኔ ጋር ነው» አለች።

አስተናጋጁ እጁን አወረደ።

ከትከሻዋ ኋላ ቆሜ አዲሱን መዝሙር እያነበብኩላት ዘመረች፤ እኔ አንድ ስንኝ እቀድማለሁ፣ እሷ ታነሣለች፣ መዘምራኑ ይቀበላሉ። የቦኖው ሴቶች ከፊት ተቀምጠዋል። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ድምፄ ግን ከፍ ብሎ ኖሮ በመሃል ወደ ኋላ ሳትዞር በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ቀነስኩ።

ቤት ገብተን ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበብኩላት። ባልዲውን ስደርስበት «አውቄ ነበር» አለች። ስለ ዝንጀሮው ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ስጨርስ «ብዙ አጋነንክ» አለች።

«የቱ ጋ?»

«የትም አታርመው። የነገውን የት ነው የምትጽፈው? ገጹ አልቋል ወይ?»

ዳብሳ አየችው። አልቋል። የነገውን በደብተሩ ልባስ ላይ ነው የምጽፈው።